የቡና ብር ከእጅ ሳይወጣ
የጅማን ቤት ከውኃ፣ ከምስጥና ከእሳት የማዳን ሥራ

በኅዳር ወር የማለዳው ጭጋግ ሲገፈፍ አጋሮ ጥርት ያለ ሰማይ ይኖራታል። ግቢው መሃል ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራው የማድረቂያ አልጋ ላይ ቀይ ቡና ለፀሐይ ተሰጥቷል፤ ልጆች በየተራ ያገላብጡታል። ከቤቱ ጀርባ አንድ አናጺ ተንበርክኮ የማዕዘኑን ምሰሶ በካቻቪቴ ጫፍ ይወጋዋል። ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ እንጨቱ ጠንካራ ነው፤ ብረቱን አያስገባም። ግድግዳው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ግን ካቻቪቴው እስከ እጀታው ሰጠመ። ሲያወጣው ዱቄት የመሰለ እንጨትና ጥቂት ነጫጭ ምስጦች ተከትለው ወጡ።

«አዴ፣ ይሄ ምሰሶ ላዩ ብቻ ነው የቀረው። ከታች የለም» አላቸው ለቤቱ ባለቤት።

እሳቸው ያሰቡት ሌላ ነበር። የዘንድሮው ቡና ሲሸጥ ሳሎኑን ቀለም ማስቀባትና አዲስ ወንበር መግዛት ነበር ዕቅዳቸው። «ታዲያ ልጄ፣ ቀለሙስ?»

«ቀለሙ ይደርሳል፤ ዝናቡ ግን አይጠብቅዎትም።»

በጅማ፣ በአጋሮ፣ በየቡ፣ በሊሙ ገነትና በሰቃ ይህን የመሰለ ምክክር በየዓመቱ በዚህ ወቅት በብዙ ግቢ ይደረጋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው ቀለሙ ነው። ቀለም ለእንግዳ ይታያል፣ ለበዓል ይደርሳል፣ ቤቱንም ያደምቃል። የምሰሶው እግር፣ የቆርቆሮው ሚስማርና ከኮርኒሱ በላይ ያለው የኤሌክትሪክ ገመድ ግን አይታዩም። ቤት የሚፈርሰው፣ ሕይወትም የሚጠፋው በእነዚህ በማይታዩት ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አንድ ነው፦ በቡና አገር ብርና ደረቅ ሰማይ አብረው የሚገኙት በዓመት ለጥቂት ወራት ብቻ ስለሆነ፣ በእነዚያ ወራት ከቡናው ገንዘብ ቀድሞ ድርሻውን መውሰድ ያለበት የቤቱ ጥገና ነው።

ብርና ፀሐይ የሚገናኙበት ወቅት

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይዘንብባታል። ዝናቡ እንደ ሰሜኑ የአገራችን ክፍል በክረምቱ ወራት ብቻ ተወስኖ የሚቀር አይደለም፤ ከመጋቢት አንስቶ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በእነዚህ ወራት የራሰ ግድግዳ በቅጡ ሳይደርቅ ሌላ ዝናብ ይደርብበታል። ለቡናው በረከት የሆነው እርጥበት ለእንጨትና ለጭቃ ቤት የዘወትር ፈተና ነው። በአንጻራዊነት ደረቅ የሚባሉት ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር፣ ቢበዛ እስከ የካቲት አጋማሽ ያሉት ቀናት ናቸው።

ቡናውም የሚለቀመው በእነዚሁ ወራት አካባቢ ነው። እሸቱን ለማጠቢያ ጣቢያ የሚያስረክብ ገበሬ ገንዘቡን በለቀማው ሰሞን ያገኛል። ጀንፈል አድርቆ የሚያቆይ ደግሞ ገበያውን እያየ እስከ በጋው ማብቂያ ይሸጣል። የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል የሆነ፣ ማኅበሩ አትራፊ ከሆነ፣ ዘግየት ብሎ የትርፍ ክፍፍል ይደርሰዋል። ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ለቀማ ያለው ጊዜ ረጅም ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎተራው ይሳሳል፣ ኪሱ ይነጥፋል፤ ጣራው የሚያፈሰውም ልክ በዚያን ጊዜ ነው።

ያን ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ ብዙውን ጊዜ ከጉዳቱ የባሰ ይሆናል። ባለቤቱ ቡናው ገና ዛፍ ላይ እያለ ከነጋዴ ብድር ይወስዳል፤ ሲለቅምም ከገበያው ባነሰ ዋጋ ያስረክባል። በታኅሣሥ በጥቂት ሚስማርና በአንድ ቀን የአናጺ ሥራ ይዘጋ የነበረ ቀዳዳ በነሐሴ የመኸሩን ድርሻ ይወስዳል።

የቡና ዋጋም አንድ ቦታ አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ በዓለም ገበያ አንድ ፓውንድ ቡና ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር፤ የዚያን ዘመን ችግር የጅማ ገበሬ አይረሳውም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ደግሞ የአረቢካ ዋጋ ከ4 ዶላር በላይ ደርሷል። በሌላ በኩል ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚገባው ቆርቆሮ፣ ሚስማርና የኤሌክትሪክ ገመድ ዋጋው ጨምሯል። ጥሩ ዋጋ የተገኘበት ዓመት ቤትን ለመጪው መጥፎ ዓመት የማዘጋጃ ጊዜ ነው።

75 ሺህ ሊትር ውኃ

ጣራ ለምን እንደሚቀድም ለመረዳት አንድ ቀላል ስሌት በቂ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ነው። የጣራው ስፋት 50 ካሬ ሜትር የሆነ መጠነኛ ቤት በጅማ ዝናብ በዓመት 75 ሺህ ሊትር ያህል ውኃ ይቀበላል። አሸንዳ ከሌለው ይህ ሁሉ ውኃ የሚፈስሰው በግድግዳው ግርጌ ነው። የምሰሶው እግር ለምን እንደበሰበሰ መልሱ እዚህ ላይ ነው።

ጣራን መፈተሽ የባለሙያ ዓይን አይጠይቅም። በጠራራ ፀሐይ በርና መስኮት ዘግቶ ከኮርኒሱ በላይ ወይም ኮርኒስ በሌለው ክፍል ውስጥ ቆሞ ወደ ላይ ማየት ነው። ብርሃን የሚያስገባ ነጥብ ሁሉ ውኃ ያስገባል። ነጥቦቹን በጠመኔ ምልክት አድርጎ ለአናጺው ማሳየት ሥራውንም ክፍያውንም ያቀልላል። በማዳበሪያ ከረጢት የተሠራ ኮርኒስ ያለው ሰው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት፤ ከረጢቱ ፍሳሹን ለወራት ደብቆ ይይዘውና የሚታወቀው ሞራሌው ከበሰበሰ በኋላ ነው።

አብዛኛው ፍሳሽ የሚጀምረው ከሚስማር ነው። የቆርቆሮ ሚስማር መመታት ያለበት በቆርቆሮው ሞገድ ጀርባ ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ሸለቆ ውስጥ አይደለም። ከሥሩም ጎሚኒ ሊኖረው ይገባል። ጎሚኒው በፀሐይ ደርቆ ሲሰነጠቅ ወይም ሚስማሩ በነፋስ ብዛት ሲላላ መቀየር ነው፤ የላላውን መልሶ እዚያው ቀዳዳ ላይ መምታት አይጠቅምም። ቆርቆሮ ከቆርቆሮ በጎን ሲደራረብ ቢያንስ አንድ ተኩል ሞገድ፣ በቁመት ሲደራረብ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር መሸፈን ይኖርበታል። መጋጠሚያውም ነፋስ ከሚያመጣው ዝናብ በተቃራኒ በኩል ይዞራል። በካትራሜ መለጠፍ ለአንድ ወቅት ያሻግራል፤ ዝገቱ ከሥር እየሄደ ከሆነ ግን ያንኑ ቅጠል ቆርቆሮ መለወጥ ይሻላል።

የጣራው ክፈፍ ስፋትም ግድግዳውን ያድናል። በጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የጎበኘ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። ከ1870 እስከ 1924 ዓ.ም. ጅማን የገዙት ንጉሥ ያሠሩት ይህ የእንጨት ሕንጻ ብዙ ዝናብ አሳልፏል። በረንዳውና ወደ ውጭ የወጣው ጣራ ዝናቡን ከግድግዳው አርቀው ያሳልፉታል። የዛሬው ቤት ሠሪ ቆርቆሮ ለመቆጠብ ብሎ ክፈፉን ግድግዳው ጫፍ ላይ ሲያስቀረው፣ የቆጠበውን በየዓመቱ ለምርግ መልሶ ያወጣዋል። የሚቻል ከሆነ ክፈፉን 60 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ማውጣት ጥሩ ነው።

አሸንዳ መግጠም ሁለት ጥቅም አለው። ውኃውን ከቤቱ እግር ያርቃል፤ ሮቶ ላለው ደግሞ የቧንቧ ውኃ በሚጠፋባቸው ቀናት ለልብስና ለጽዳት የሚሆን ውኃ ያጠራቅማል። ነገር ግን አሸንዳ ካልተጠረገ የቅጠል ማከማቻ ይሆናል፤ ውኃውም በጎን እየፈሰሰ ግድግዳውን ከበፊቱ ይበልጥ ይጎዳዋል። ከመጋቢት በፊት አንድ ጊዜ፣ ከሰኔ በፊት ሌላ ጊዜ ማጽዳት ይበቃል።

የቤቱ እግር

ከጣራው ቀጥሎ መታየት ያለበት ግድግዳው ከመሬት የሚገናኝበት ቦታ ነው። በድሮው አሠራር ምሰሶው በቀጥታ ጉድጓድ ውስጥ ይተከላል። ጥድ ወይም ያረጀ ዋንዛ ከሆነ ምስጥን በአንጻራዊነት ይቋቋማል። ዛሬ በብዛት የሚገኘው ለጋ ባሕር ዛፍ ግን እርጥብ አፈር ውስጥ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ይበሰብሳል።

ምስጥ ብርሃን አይወድም። ከአፈር ወደ እንጨት ሲወጣ ጣት የማይሞላ የጭቃ መስመር በግድግዳው ላይ ይሠራል። ይህን መስመር በየወሩ እየፈለጉ ማፍረስና ከየት እንደተነሣ መከታተል ከማንኛውም መድኃኒት ይቀድማል። ከግድግዳው ጋር ተደግፎ የተከመረ ማገዶ፣ የወደቀ ጣውላና የቡና ገለባ ክምር ለምስጥ መሰላል ነው፤ ከቤቱ ቢያንስ አንድ ሜትር መራቅ አለበት። ብዙ ሰው እንጨቱን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባዋል። ከመተከሉ በፊት እንጨቱ ላይ ብቻ መቀባት የተለመደ ነው፤ መሬት ላይ ማፍሰስ ግን በተለይ የጉድጓድ ውኃ ባለበት ግቢ የሚጠጣውን ውኃ ይበክላል። ለእርሻ የተገዛ ፀረ ተባይ ሰውና ሕፃን በሚያድርበት ክፍል ውስጥ መርጨትም ምስጡን ሳይሆን ቤተሰቡን ሊጎዳ ይችላል።

እግሩ የበሰበሰ ምሰሶ ሁልጊዜ ቤት ማፍረስ አያስፈልገውም። አናጺው ጣራውን በድጋፍ እንጨት ይዞ የበሰበሰውን ክፍል ይቆርጥና ቀሪውን በድንጋይ ወይም በኮንክሪት እግር ላይ ያሳርፈዋል። በዚያው አጋጣሚ በግድግዳው ዙሪያ የድንጋይ ውኃ ልክ ቢያሠሩ፣ አፈሩንም ከቤቱ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል አድርገው ቢደለድሉት ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ሥራ ይሆናል። በአንድ ሜትር ርቀት አምስት ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ውኃውን ወደ ቦዩ ለመሸኘት ይበቃል። ቦዩ ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይገባ አስቀድሞ መነጋገር ደግሞ ከጠብ ያድናል።

በከተማው የተስፋፋ አንድ ልማድ አለ፤ የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ መለሰን። ቤቱ ዘመናዊ ይመስላል። ሆኖም ጭቃና ሲሚንቶ በእርጥበትና በሙቀት እኩል አያብጡም፣ እኩልም አይኮማተሩም። ልስኑ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ አጥቶ ከጀርባ ይቀመጣል፤ ማገሩም ሳይታይ ይበሰብሳል። ለጭቃ ቤት የሚስማማው በጭድ ተቦክቶ ለቀናት የተብላላ ጭቃ፣ በላዩም የእበት ወይም የኖራ ቅብ ነው። የግድ ሲሚንቶ ካስፈለገ ግድግዳው በደንብ ከደረቀ በኋላ ወንፊት ሽቦ ተመትቶበት መሆን አለበት።

ምርጊቱን ከፀረ ወባ ርጭቱ ጋር ማስተባበርም ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ታመዋል፤ ኦሮሚያ ከፍተኛውን ድርሻ ከያዙት ክልሎች አንዱ ነበር። በጤና ባለሙያዎች የሚረጨው መድኃኒት የሚሠራው ግድግዳው ላይ እስካለ ድረስ ነው። ከርጭቱ በኋላ ለበዓል ተብሎ ግድግዳው እንደገና ከተመረገ ወይም ከተቀባ መድኃኒቱ ከጭቃው ሥር ይቀበራል። ስለዚህ መመረግ ከርጭቱ በፊት ነው፤ ከተረጨ በኋላ ቢያንስ ለስድስት ወር ግድግዳውን መንካት አይገባም።

ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ኃላፊነት

በብዙ የጅማ ግቢ አንድ ቆጣሪ ሦስትና አራት ቤት ያበራል። መጀመሪያ ለሁለት አምፖል የተዘረጋ ቀጭን ገመድ ዛሬ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅና ምጣድ ተሸክሟል። ምጣዱን ብቻ እንውሰድ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ በ220 ቮልት መስመር ላይ ይህ 16 አምፔር ገደማ ነው። ስለዚህ ምጣድ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር፣ ገመዱም 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሊኖረው ይገባል። ከሳሎን ሶኬት በማራዘሚያ ተስቦ እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ገመዱ ግድግዳ ውስጥ ሆኖ እየጋለ ነው። በማዳበሪያ ኮርኒስና በደረቅ ማገር መካከል የጋለ ገመድ እሳት ለመነሣት ሌላ ምንም አይፈልግም።

አደጋ የሚናገር ምልክት አለው። ሶኬቱ ሲነካ ይሞቃል፣ ጠርዙ ይጠቁራል፣ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል፣ ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉ ይደበዝዛል። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድ ተበላሸ ብሎ ማለፍ ወይም ፊውዙን በመዳብ ሽቦ ማሰር ጠባቂን ማሰናበት ነው፤ የወረደው ሊጠብቅዎ ነው። በቆርቆሮ ጣራ ሥር የተላጠ ገመድ ካለ ደግሞ ጣራው በሙሉ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። የመሬት መስመር በሌለው ቤት ኤሌክትሪኩ በፍሪጁ ወይም በምጣዱ አካል በኩል ሰው ሊይዝ ይችላል፤ የመሬት ዘንግ ማስቀበር ከሚያድነው ሕይወት አንጻር ወጪው ትንሽ ነው።

ከኤሌክትሪክ ምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጉዳይ ነው፤ እዚያ ላይ ችግር ሲታይ በራስ እጅ ከመሞከር ተቆጥቦ በ905 መደወል ይገባል። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ግን የባለቤቱ ነው፤ በአካባቢው በሙያው የታወቀ ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። መብራት ሲጠፋ ምጣዱንና ፍሪጁን መንቀል፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ልማድ ይሁን። ከገመድ የተነሣ እሳት ላይ ውኃ አይደፋም። መጀመሪያ ዋናው መጥፊያ ይጥፋ፤ ከዚያ አሸዋ ወይም አፈር። በአሮጌዎቹ የጅማ ሰፈሮች በመንደራና በሂርማታ ቤቶች ግድግዳ ተጋርተው የቆሙ ስለሆኑ የአንዱ ቤት እሳት የመንደሩ እሳት ነው። በየበሩ አንድ ባልዲ አሸዋ ማስቀመጥ ጎረቤትንም ማዳን ነው።

ከሰል በመኝታ ቤት

ቡና በሚፈላበት አገር ከሰል ከቤት አይጠፋም። በሐምሌ ብርድ ቡናው ተጠጥቶ ሲያበቃ የቀረውን ፍም ክፍሉን እንዲያሞቅ ብሎ በር ዘግቶ መተኛት ግን ገዳይ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ጭሱ ስለጠፋ አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም፤ ቀይ ሆኖ የሚያንጸባርቀው ፍም ጋዙን ይለቅቃል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ይቀድማሉ፤ የተኛ ሰው ግን እነዚህን ሳያውቅ ሊሞት ይችላል። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች አብረው ራሳቸውን ካመማቸው ወዲያው በር ከፍቶ ሁሉንም ወደ ውጭ ማውጣት፣ ራሱን የሳተ ካለም ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 መደወል ያስፈልጋል። ማንደጃው ሌሊት የሚያድርበት ቦታ ውጭ ነው።

ጀንፈል የሚከማችበት ክፍልም ጥንቃቄ ይሻል። ብዙ ቤተሰብ ቡናውን በመኝታ ቤቱ ጥግ ያስቀምጣል፤ ሌባ ስለሚፈራ ነው። ቡናው በደንብ ሳይደርቅ ከገባ ክፍሉን ያረጥበዋል፣ ራሱም ይሻግታል። በከረጢቱና በወለሉ መካከል ጣውላ ረብራብ አድርጎ፣ ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጎ ማስቀመጥ ቡናውንም ቤቱንም ይጠቅማል። ፀረ አረምና ፀረ ተባይ ያለበት ዕቃ ከቡናውም ከልጆችም ተለይቶ ይቆለፍበት።

ከቡናው ላይ የቤቱ ድርሻ

በሌሎች አገሮች ለቤት ባለቤቶች የሚሰጥ የተለመደ ምክር አለ፤ ከቤቱ ዋጋ በዓመት አንድ በመቶ ለጥገና ያስቀምጡ ይላል። ደመወዝተኛ ላልሆነ የቡና ገበሬ የሚቀለው በሽያጩ መቁረጥ ነው። እያንዳንዱ ሽያጭ ሲፈጸም፣ ብሩ ቤት ሳይገባ በፊት፣ የተወሰነ ድርሻ ለብቻው በተከፈተ የቁጠባ ደብተር ይግባ። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም በየዓመቱ አለመቋረጡ ነው ዋናው። ወለድ ለማይፈልግ ሙስሊም ቤተሰብ ዛሬ አማራጭ አለ። ከወለድ ነጻ አገልግሎት በብዙ ባንኮች ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክም ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ነው።

ዕቁብ ለዚህ ሥራ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ወሳኙ ዕጣው የሚወጣበት ወር ነው። በሐምሌ የወጣ ዕጣ በዝናብ መካከል ቤት ለማደስ አይመችም፤ ለምግብና ለትምህርት ቤት ይበተናል። ለቤት ጥገና የሚሰበሰቡ ጎረቤቶች ዕጣቸው በታኅሣሥና በጥር እንዲወጣ ቢስማሙ፣ ሥራውንም በደቦ ቢያግዙ፣ የአናጺው ወጪ በእጅጉ ይቀንሳል። ዕድሮችም ከቀብር በተጨማሪ ለእሳት አደጋ የሚሆን ትንሽ መጠባበቂያ ቢይዙ ማኅበረሰቡ የሚያተርፈው ብዙ ነው።

ዕቃ አስቀድሞ መግዛትም ቁጠባ ነው፤ ግን ተለይቶ ነው። ቆርቆሮና ሚስማር በደረቅ ቦታ ይቆያሉ፤ ዋጋቸውም በእጅዎ ሆኖ ይጨምራል። ሲሚንቶ ግን በጅማ እርጥበት ከሦስት ወር በላይ ሲቀመጥ ኃይሉን ያጣል፤ ለሥራው ሰሞን ብቻ ተገዝቶ ከወለል ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት።

ብድር ማየት የፈለገ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ። ብድሩ ለምንድን ነው? ለጣራና ለምሰሶ ከሆነ ቤቱን ያቆያል፤ ለቀለምና ለሶፋ ከሆነ ይቆይ። መክፈያው መቼ ነው? ገቢው በዓመት አንዴ የሆነ ሰው በየወሩ እንዲከፍል ቢፈርም ራሱን ያስጨንቃል፤ ክፍያው ከለቀማው በኋላ እንዲውል ይደራደር። መያዣው ምንድን ነው? ካርታ ለሌለው ሰው በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 የግብርና ምርትንና ከብትን ጭምር በዋስትና ለማስያዝ መንገድ ከፍቷል፤ አበዳሪውን ስለዚህ መጠየቅ መብቱ ነው።

ከአናጺና ከግንበኛ ጋር የሚደረግ ስምምነት በጽሑፍ ይሁን። የሥራው ዝርዝር፣ ዕቃውን የሚያቀርበው ማን እንደሆነ፣ የሚጠናቀቅበት ቀንና ክፍያው በስንት ዙር እንደሚፈጸም ይጻፍበት። የመጨረሻው ክፍያ የመጀመሪያው ጠንካራ ዝናብ ዘንቦ ጣራው ሳያፈስ ሲቀር እንዲሆን መስማማት ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ነው።

ወረቀትም የቤቱ አካል ነው

በጅማ ከተማ መሃል ብዙ ቤቶች የሚያፈሱት ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ስለጠፋ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ በኋላ በፈረንጅ አራዳና በሌሎች ሰፈሮች ያሉ ቤቶች የቀበሌ ቤት ሆኑ። ተከራዩ የእኔ አይደለም ብሎ፣ አከራዩም ኪራዩ ለጥገና አይበቃም ብሎ ሲተዉት ቤቱ በመካከል ያልቃል። የቀበሌ ቤት ነዋሪ የውሉን የጥገና አንቀጽ አንብቦ፣ ጥገና ሲያስፈልገው በጽሑፍ አመልክቶ፣ ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀብሎ፣ ያወጣበትንም ደረሰኝ ማስቀመጥ ይገባዋል።

የግል ቤት ያለው ሰው ደግሞ ካርታው፣ ፕላኑ፣ የግብር ደረሰኙና የውርስ ወረቀቱ የት እንዳሉ ዛሬውኑ ይመልከት። በእርጥበት የተጣበቀና በምስጥ የተበላ ካርታ ብዙ ክርክር ያመጣል። በላስቲክ ጠቅልሎ ከመሬት ከፍ ባለ ቦታ ማስቀመጥ፣ ፎቶ ኮፒውንም በሌላ ዘመድ ቤት ማኖር ያስፈልጋል። ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ከሆነ የባልም የሚስትም ስም በካርታው ላይ መኖሩን ማረጋገጥ፣ በተለይ ባሏ ለሞተባት ሴት፣ ከማንኛውም ጥገና የማይተናነስ ጥበቃ ነው።

የዓመቱ መርሐ ግብር

እነዚህን ሁሉ በአንድ ዓመት መፈጸም ለብዙ ቤተሰብ አይቻልም፤ ቅደም ተከተል ግን አለው። ኅዳር የምርመራ ወር ነው፦ ጣራው ከውስጥ በፀሐይ ይታያል፣ የምሰሶዎቹ እግር በካቻቪቴ ይወጋል፣ ሶኬቶቹ ይዳሰሳሉ። ታኅሣሥ የጣራና የምሰሶ ወር ነው። ጥር ለውኃ ልክ፣ ለቦይና ለምርግ ይውላል፤ ጭቃው የሚደርቅበት ፀሐይ አለና። በየካቲት የኤሌክትሪኩ መስመር ይስተካከላል፣ አሸንዳው ይጸዳል። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ ቀለሙ ይምጣ፤ በጥር ተመርጎ የደረቀ ግድግዳ ቀለሙንም አጥብቆ ይይዛል።

በዚህ ዓመት አቅምዎ አንድ ነገር ብቻ ከፈቀደ ጣራዎን ይጠግኑ። ሁለት ከፈቀደ የምጣዱን መስመር ይለዩ። የከሰል ማንደጃውን ውጭ ማሳደር ግን ምንም ብር አይጠይቅምና ከዛሬ ማታ ይጀምሩ።